አይቶ ማለፍና አይቶ መቆም

እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው የስሜት ሕዋሳት መካከል እንደ ዐይን ፈጣን፤ እንደ ዐይንም ለመግዛት የሚያስቸግር የለም። ጆሮ የሚሰማው የተነገረውን ነው፤ እጅም የሚዳስሰው የቀረበውን ነው። ዐይን ግን በሩቅ ያለውን ተራራ፤ በደጅ የሚያልፈውን መንገደኛ፤ በሌላው እጅ ያለውን ሀብት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሰበስባል። ስለዚህም አባቶቻችን የጾምን ሥርዓት ሲያስተምሩ ከእህል መከልከል ብቻውን ፍጹም ጾም እንዳይደለ፤ ዐይንም የራሱ ጾም እንዳለው አስረድተዋል።

በዘመናችን ለዐይን ሰፊ ሥራ ተገኝቶለታል፤ ይኸውም አገር መጐብኘት የሚባለው ነው። ቀድሞ ሰው ከአገሩ ወጥቶ ሩቅ መንገድ የሚሄደው ወይ ለንግድ፤ ወይ ለመልእክት፤ ወይ ለዘመቻ፤ ወይም ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ነበር፤ ለማየት ብቻ ብሎ ባሕር የሚሻገር ባለጸጋ ካልሆነ በቀር እምብዛም አይገኝም ነበር። ዛሬ ግን አውሮፕላን መንገዱን ስላሳጠረው መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው እንኳ የዕረፍት ጊዜውን በሮም፤ በፓሪስ፤ በቬኒስና በለንደን የታወቁትን ሕንጻዎችና አደባባዮች በማየት ያሳልፋል። ከወገኖቻችንም መካከል በአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ምእመናን፤ እነርሱን ለማገልገል የተላኩ ካህናት፤ ለትምህርትና ለስብሰባም የሚሄዱ ብዙዎች ስለ ሆኑ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንግዲህ የታወቁ ሥፍራዎችን ዞሮ ማየት ለነፍስ ይጠቅማታልን ወይስ ይጐዳታል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንዳንዶቹ፦ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ መነኵሴ በበዓቱ፤ ክርስቲያንም በሰበካው መጽናት ይገባዋል፤ ዐይን የቱንም ያህል ቢያይ ሌላ መፈለጉን ስለማይተው እርሱን ለመመገብ ገንዘብና ጊዜ ማጥፋት ስንፍና ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፦ ለደከመ አካል ዕረፍት፤ ለአእምሮም ትምህርት ነው፤ የሰው እጅ የሠራው ጥበብ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነውና እርሱን ማድነቅ ሰጪውን ማመስገን ነው ይላሉ። ሁለቱም መልሶች የእውነት ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም ማየትን ሁሉ እንደ አንድ ይቈጥሩታል፤ ማየት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አይቶ የሚያልፍ አለ፤ አይቶም የሚቆም አለ። የነገሩ ሁሉ መለያ በዚህ ላይ እንደ ሆነ እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከሕማማቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሳለ የሆነውን ነገር ወንጌላዊው ማርቆስ በ12ኛው ምዕራፍ መጨረሻና በ13ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ጽፎልናል። ሄሮድስ ያሳደሰው ያ ቤተ መቅደስ በዘመኑ ከነበሩት ሕንጻዎች እጅግ ከሚደነቁት አንዱ ነበር። ጌታችን በመባ መቀበያው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰዎች ገንዘብ ሲጥሉ ይመለከት ነበር። ባለጸጎች ብዙ ሲጥሉ አንዲት ድኻ መበለት መጥታ ሁለት ጥቃቅን የናስ ገንዘብ ጣለች። እርሱም ደቀ መዛሙርቱን ወደ እርሱ ጠርቶ ያቺን ሴት አሳያቸው። ከዚያ ከቤተ መቅደሱ ሲወጡ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ በተራው ለመምህሩ የሚያሳየው ነገር አገኘ፤ ያሳየውም የድንጋዮቹን ታላቅነትና የሕንጻውን ውበት ነበር።

እነሆ፤ በአንድ ሥፍራ ሁለት ዓይነት ማየት ተገለጠ። መምህሩ መበለቲቱን አሳየ፤ ደቀ መዝሙሩ ድንጋዩን አሳየ። ያ ደቀ መዝሙር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ በታላላቅ ከተሞች አደባባይ አንጋጠው የሚያደንቁት ሰዎች እንደሚያደርጉት አደረገ እንጂ። ጌታችንም ስላደነቀ አልተቈጣውም፤ ነገር ግን ያ ሕንጻ ሁሉ እንደሚፈርስ ነገረው። እኛም ከዚህ የምንማረው ይህን ነው፤ በታወቀ ሥፍራ ሁሉ ድንጋይና መበለት አብረው ይኖራሉ። ድንጋዩን የሚያሳዩ መሪዎች ተቀጥረዋል፤ ስለ እርሱም ብዙ መጽሐፍ ታትሟል። መበለቲቱን የሚያሳይ ግን ጥቂት ነውና እርስዋን መፈለግ የጐብኚው የራሱ ፋንታ ነው።

የእነዚያ ድንጋዮች ነገር በኢየሩሳሌም አላበቃም። በ70 ዓ.ም. የሮም ሠራዊት በቲቶ አዝማችነት ከተማዪቱን ያዘ፤ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ። ዛሬ ወደ ሮም የሚሄድ ሰው ለቲቶ መታሰቢያ በተሠራው የድል በር ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ወታደሮች ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን የወርቅ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጾ ያያል። ከዚያ በር ጥቂት እልፍ ብሎ ታላቁ ኮሎሲየም ቆሟል። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት ቬስፓስያኖስ ያስጀመረው፤ ልጁ ቲቶም በ80 ዓ.ም. የመረቀው ይህ ሕንጻ የተሠራው ከዚያው ጦርነት በተገኘው ምርኮ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ያቺ መበለት መባዋን የሰጠችለት ቤት ተዘርፎ ለሕዝብ መዝናኛ የሚሆን ሌላ ቤት ተሠራበት ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በድል በሩ ሥር ሲቆም የሚያየው የእብነ በረድ ጥበብ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ስለ ኮሎሲየም ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ሕንጻ ራሱ የተሠራው ለማየት ነው። ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በማዕርጉ ተራ ደረጃ በደረጃ ተቀምጦ ሰው ከሰው ጋር፤ ሰውም ከአውሬ ጋር ሲዋጋና ሲሞት ያይ ነበር። ዐይን ያለ ርኅራኄ ከተለቀቀ ወዴት እንደሚደርስ ለማወቅ የሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያገኝም። እዚያ የተቀመጡት ሁሉ ገዳዮች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ በቤታቸው ልጆቻቸውን የሚወዱ፤ ጎረቤታቸውንም የሚረዱ ሰዎች እንደ ነበሩ እንገምታለን። ኀጢአታቸው ማየታቸውና በማየታቸው መደሰታቸው ነበር። ዛሬ በዚያው ሥፍራ ቆሞ እየሳቀ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው በማን ወንበር ላይ እንደ ቆመ ቢያስብ መልካም ነው። ደግሞም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ላይ የሞት ፍርድ ሲሰረዝ ወይም አንድ አገር የሞትን ቅጣት ሲያስቀር ኮሎሲየም በልዩ ብርሃን እንዲደምቅ ሆኗል። ሞት መዝናኛ በነበረበት ቤት ሕይወት ሲተርፍ መብራት መብራቱ ሰው ከቀድሞው በደል ሊማር እንደሚችል ያሳያል።

በወንጌል የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን በዚያ ምሳሌ ሦስቱም ሰዎች መንገደኞች እንደ ነበሩ፤ ሦስቱም የቈሰለውን ሰው እንዳዩት ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ካህኑ አይቷል፤ ሌዋዊውም አይቷል። ዐይናቸው ጤነኛ ነበር። ወደ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜ በመንገድ ምን እንዳዩ ቢጠየቁ በትክክል ሊናገሩ በቻሉ ነበር። ሳምራዊው ከእነርሱ የተለየው በማየት አይደለም፤ ያየው ነገር አንድ ግዴታ እንደ ጣለበት በማወቁ ነው። ያየ ሰው ባለዕዳ ነው። ካላየ ግን ስላላወቀ ይቅርታ አለው። ስለዚህ ብዙ ያየ ሰው ብዙ ዕዳ እንዳለበት እንጂ ብዙ ክብር እንዳገኘ ሊቈጥር አይገባውም።

የዛሬው ጐብኚ ግን ብዙ ጊዜ አየሁ ለማለት ብቻ ያያል። በፓሪስ ባለው ሉቭር በሚባለው ታላቅ ሙዚየም የሞና ሊዛ ሥዕል በነሐሴ ወር 1911 ዓ.ም. በተሰረቀች ጊዜ ብዙ ሰዎች ተሰልፈው ሥዕሏ የተሰቀለችበትን ባዶ ግድግዳ ለማየት ገብተው ነበር። ይህ የሚያስቅ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ትምህርት አለበት። ሥዕሏ በ1913 ዓ.ም. ተገኝታ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች፤ ዛሬም በየቀኑ ብዙ ሺህ ሕዝብ ይመጣላታል፤ ከመጡትም መካከል ብዙዎች ጀርባቸውን ለሥዕሏ ሰጥተው፤ ፊታቸውን ወደ ስልካቸው አዙረው፤ ራሳቸውን ከእርስዋ ጋር ፎቶግራፍ አንሥተው ይሄዳሉ። እንዲህ ላለው ሰው ግድግዳው ባዶ ቢሆንም ባይሆንም ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ያየው ራሱን ነውና።

የቬኒስ ከተማ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በውሃ ላይ የተሠራችው ይህች ከተማ በውበቷ ተወዳዳሪ የላትም ይባላል። ነገር ግን በ1951 ዓ.ም. በጥንታዊው የከተማው ክፍል ወደ 175 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከ50 ሺህ ያነሰ ነው። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ቤቱ ሁሉ ለእንግዳ ማደሪያ ስለሚከራይ የአገሩ ልጅ የኪራዩን ዋጋ መቻል አለመቻሉ ነው። የሕዝቡ ብዛት ከተማዪቱን ስላስጨነቃት በ2024 ዓ.ም. በአንዳንድ ቀኖች ለአንድ ቀን ብቻ የሚመጡ ጐብኚዎች አምስት ዩሮ እንዲከፍሉ ተደረገ። ከዚህ ላይ መበለቲቱ ማን እንደ ሆነች ግልጥ ነው፤ በተወለደችበት ሰፈር የዳቦ መሸጫው የጌጣጌጥ መሸጫ ሆኖባት፤ ልጆቿ ቤት አጥተው ወደ ሌላ ከተማ የሄዱባት አሮጊት ናት። ጐብኚው አልበደላትም፤ ግን በደጇ ያልፋል፤ እርስዋንም አያያትም።

በዚያችው ከተማ ያለው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ለእኛ ልዩ ትዝታ አለው። የወንጌላዊው ዐፅም በ828 ዓ.ም. በቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ተወስዶ ወደዚያ ሄዷል። በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ቆመው ይደነቁ የነበሩት አራቱ የነሐስ ፈረሶችም በ1204 ዓ.ም. ቍስጥንጥንያ በተዘረፈች ጊዜ የመጡ ናቸው፤ በኋላም ናፖሌዎን በ1797 ዓ.ም. እነዚያኑ ፈረሶች ወደ ፓሪስ ወስዷቸው ነበርና በ1815 ዓ.ም. ተመልሰዋል። የወሰደ ሰው በተራው እንዴት እንደሚወሰድበት ፈረሶቹ ይመሰክራሉ። ነገር ግን የቅዱስ ማርቆስ ዐፅም ነገር በመልካም ተፈጽሟል፤ በ1968 ዓ.ም. የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከዐፅሙ ክፍል ለእስክንድርያ መንበር መልሳለች፤ በካይሮ በስሙ የተሠራው አዲሱ ካቴድራል በተመረቀ ጊዜም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። ከመንበረ ማርቆስ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳትን ስትቀበል ለኖረች ቤተ ክርስቲያናችን ይህ የደስታ ቀን ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የበለጠ ይነካናል። በለንደን ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑበት ዌስትሚኒስተር የሚባለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ እጅግ ብዙ ጐብኚዎች ይገቡበታል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ቤቶች በአንዱ መንበር ውስጥ በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት ተከቶ ኖሯል። የነገሥታቱን መቃብር እያደነቁ በዚያ የሚያልፉት ሰዎች በምን አጠገብ እንዳለፉ አላወቁም። በ2024 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪዎች ታቦቱ ወደ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲመለስ በመርሕ ደረጃ መወሰናቸውን ገልጠዋል። እንዲሁም በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ አርፏል። አባቱ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ተወሰደ፤ እናቱም በመንገድ ሞተችበት፤ እርሱም በ1879 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ዐረፈ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ለቀረበው ጥያቄ በ2023 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ የተሰጠው መልስ፤ በአጠገቡ የተቀበሩትን ሳይነኩ እርሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። ወደ ዊንድሰር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ዘብ ሲለወጥ አይቶ ብቻ ይመለሳልን? ለዚያ ለሙት ልጅ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ቢያደርስለት የጉብኝቱ ዋና ፍሬ ይህ ይሆንለት ነበር።

ምናልባት አንባቢ፦ እንዲህ ከሆነስ በሄድንበት ሁሉ ቂም እየቈፈርን፤ የተወሰደብንን እየቈጠርን ልንዞር ነውን? ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መታሰቢያና ቂም ግን የተለያዩ ናቸው። ቂም የሚያየው የበደለኛውን ፊት ነው፤ መታሰቢያ የሚያየው የተበደለውን ፊት ነው። በ1937 ዓ.ም. ከአክሱም ወደ ሮም የተወሰደው ሐውልት ከስድሳ ዓመት በላይ በዚያ ቆሞ ነበር። በ1947 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የዘረፈችውን እንድትመልስ ግዴታ ብትገባም ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ በአክሱምም ዳግመኛ የቆመው በ2008 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስንት ሺህ ሰው በሥሩ አልፏል! እንዲመለስ ያደረጉት ግን፤ ከእኛም ከኢጣልያውያንም ወገን፤ አይተው ማለፍ እምቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ደግሞም የእኛን ብቻ የሚያስብ ሰው ግማሹን ብቻ አስቧል። በቬኒስ ስለ ቍስጥንጥንያ፤ በሮም ስለ ኢየሩሳሌም ያላዘነ ሰው በለንደን ስለ መቅደላ ቢያለቅስ ልቅሶው ከርስት ክርክር አይለይም።

እዚህ ላይ ስለ አለማየትም አንድ ቃል መጨመር ይገባናል። በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹም ከመቅደላ የሄዱ ናቸው። ያ ሙዚየም ዕቃዎቹን ለማሳየት የቆመ ቤት ሲሆን እነዚህን ግን ለማንም አያሳይም፤ የራሱ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። በአገራቸውና በመንበራቸው እንዲሆኑ የምንመኝ ብንሆንም፤ ያ ታላቅ የማየት ቤት የማይታይ ነገር እንዳለ ማመኑ ያስደንቃል። እኛ በመጋረጃ ሥርዓት ያደግን ሰዎች ይህን ለሌላው ልናስተምር በተገባን ነበር። ቅድስተ ቅዱሳኑ የሚጋረደው ውበት ስለሌለው አይደለም፤ ዐይን ወሰን እንዳለው ነፍስ እንድትማር ነው። ስለዚህ በሌላው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የሚጸልዩትን ሰዎች ፊት ፎቶግራፍ የሚያነሣ፤ በቅዳሴ ሰዓት ከዐምድ ወደ ዐምድ የሚዞር ኢትዮጵያዊ የራሱን መጋረጃ ቀዷል። በላሊበላ ሌሎች እንዲያደርጉት የማይወደውን በሮም ሊያደርገው አይገባውም።

አይቶ ስለ ቆመ ሰው ደግሞ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በቫቲካን ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ብዙ ጐብኚ አያየውም። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በኢየሩሳሌም በኩል እየተሻገሩ ወደ ሮም የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ያርፉ የነበረው በዚያ ነው። በ1511 ዓ.ም. ገደማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የጀርመን ካህን እነዚህ መነኮሳት በማያውቀው ቋንቋ ሲያዜሙ ሰማ፤ በዜማውም መካከል የሚያውቃቸውን የቅዱሳን ስሞች ለየ። ሌላ ሰው ቢሆን ተደንቆ በሄደ ነበር። እርሱ ግን ቆመ፤ ከመነኮሳቱም እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። በ1513 ዓ.ም.ም በሮም የግእዝ መዝሙረ ዳዊት አሳተመ፤ ከግእዝ መጻሕፍት ሁሉ በመጀመሪያ በማተሚያ የታተመው ይህ ነው። ግእዝን ከለዳዊ ቋንቋ ብሎ በመሰየም ቢሳሳትም የሥራው ዋጋ አይቀንስም። በዚያው ቤት የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. የግእዙን ሐዲስ ኪዳን አሳትመዋል። እነሆ፤ አንዱ እንግዶችን ሰምቶ ቆመ፤ ሁለተኛው በእንግድነት አገር አይቶ ለአገሩ የሚጠቅም ሥራ ሠራ። ሁለቱም ሮምን አይተዋል፤ ያዩትም ፍሬ አፍርቷል።

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስና ድንጋይና መበለት ጠላቶች ናቸውን? ብለን እንጠይቅ። በ1163 ዓ.ም. የተጀመረው የፓሪስ ኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን ሚያዝያ 15 ቀን 2019 ዓ.ም. በእሳት ሲቃጠል ብዙ ሕዝብ በመንገድ ቆሞ ነበር። ከፊሉ ስልኩን አንሥቶ እሳቱን ይቀርጽ ነበር፤ ከፊሉም ተንበርክኮ ይዘምር ነበር። በኋላ ለማደሻው ወደ 340 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ገንዘብ ሰጡ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በታኅሣሥ ወር 2024 ዓ.ም. ተከፈተ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ለድኾች ቢሰጥ አይሻልም ነበርን ያሉ ሰዎች ነበሩ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ታላቁ መምህር ዮሐንስ አፈ ወርቅም የክርስቶስን መንበር በወርቅ እያስጌጡ በደጅ የተራበውን ክርስቶስን መርሳት እንደማይገባ በብርቱ አስተምሯል። ነገር ግን ያቺ መበለት ሁለቱን ናስ የጣለችው ወዴት እንደ ነበር እናስታውስ፤ ለዚያው ቤተ መቅደስ ነበር። እርስዋም ቤቱን ትወደው ነበር። ስለዚህ በየከተማው የምናደንቀው ታላቅ ሕንጻ ሁሉ በአብዛኛው ስማቸው ካልተጻፈ ድኾች ናስ፤ ከጠራቢዎች ላብ፤ ከእናቶች ስለት የተሠራ ነው። ድንጋዩን ከልቡ የሚያይ ሰው በድንጋዩ ውስጥ መበለቲቱን ያገኛታል፤ ወጥቶም በደጅ የተቀመጠችውን ሕያዊቱን መበለት ሳያያት አያልፍም። በሮም ትሬቪ በሚባለው ፏፏቴ ጐብኚዎች ለመልካም ዕድል ብለው የሚጥሉት ሳንቲም እየተሰበሰበ ለድኾች ርዳታ ይሰጣል። ሳያውቅ የሰጠ እንኳ ድኻ ከጠቀመ፤ አውቆ የሚሰጥማ እንዴት ያለ በረከት ያገኝ ይሆን?

ስለዚህ ወደነዚህ ከተሞች ለሚሄዱ ወገኖቻችን ጥቂት ምክር እንሰጣለን። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ሥፍራው አንብቡ፤ ማን እንዳሠራው ብቻ ሳይሆን እነማን እንደ ሠሩትና ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ጠይቁ። በአንድ ቀን ዐሥር ሥፍራ ከመሮጥ በአንድ ሥፍራ ብዙ ሰዓት ቆዩ። ወደ ጸሎት ቤት ስትገቡ፤ ሥርዓቱ ከእናንተ ሥርዓት ቢለይም፤ በዝምታና በትሕትና ግቡ። ደጁን የሚጠብቀውንና ወለሉን የሚጠርገውን ሠራተኛ ሰላም በሉት፤ ከእርሱ ወገን አንዱ ወይም ሁሉቱ የእኛው ስደተኛ ሊሆን ይችላልና። በተመለሳችሁ ጊዜም ስንት ከተማ እንዳያችሁ ሳይሆን ከዚያ ምን እንደ ተማራችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ካህናትም ምእመናንን ይዛችሁ በምትሄዱበት ጊዜ መንገዱን ያለ ትምህርት አታሳልፉት፤ አንድ የድል በር ከብዙ ስብከት ይልቅ የሚያስተምርበት ጊዜ አለ።

በመጨረሻ አንባቢ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን። በአማርኛችን አገር የሚያየውም፤ በሽተኛ የሚጠይቀውም ጐበኘ ይባላል። ዘካርያስ ካህን አንደበቱ በተፈታ ጊዜ እግዚአብሔር ሕዝቡን ስለ መጐብኘቱ ባመሰገነው ምስጋና ውስጥ ያለውም ይኸው ቃል ነው። አባቶቻችን ለሁለቱ አንድ ቃል ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። እግዚአብሔር እኛን በጐበኘን ጊዜ ከሩቅ አይቶን አላለፈም፤ ወደ እኛ መጣ፤ ከእኛ ጋር ተቀመጠ፤ ቍስላችንንም ነካ። የጉብኝት ሁሉ ሕግ ይህ ነው። በመጨረሻው ቀን የምንጠየቀው የትኞቹን ከተሞች እንዳየን አይደለም፤ የታመመውን፤ የታሰረውን፤ እንግዳውንም ጐብኝተን እንደ ሆነ ነው። በሮምም ሆነ በፓሪስ፤ በአዲስ አበባም ሆነ በገጠር ያለን ሁላችን ያንን ጥያቄ የምንመልስበት ሥራ በየመንገዳችን አለ። ዐይናችንን የፈጠረ አምላክ አይተን የማናልፍ ያድርገን፤ አሜን።